አማቴ ቀይ ኮፍያ ሠሩለት፣ እናቴ ጣዖት ነው አለችኝ

«እትዬ፣ የምጽፍልዎ ከቶኪዮ ነው። ካትሱሺካ በሚባለው ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር እኖራለሁ። ባለቤቴ ጃፓናዊ ነው። ከአራት ሳምንት በፊት የሰባት ወር ልጄ ሆዴ ውስጥ ሞተ። ወንድ ነበር። አምጬ ነው የወለድኩት። አጥበው፣ ጠቅልለው ሰጡን፤ አንድ ሌሊት አብሮን አደረ። ከዚያ ተቃጠለ። እዚህ ሁሉም የሚያደርገው እንዲህ ነው፣ እኔም ፈረምኩ። አመዱ በትንሽ ነጭ ዕቃ ሆኖ ቤታችን መደርደሪያ ላይ አለ። ይሄን ለእናቴ አልነገርኳትም።

አማቴ ለ49ኛው ቀን መነኩሴ አነጋግረዋል። ጂዞ በሚሉት ሐውልት ፊት ጸሎት ይደረግለታል አሉኝ። በእጃቸው የሠሩትን ቀይ ኮፍያም አሳዩኝ። እናቴ ስትሰማ ‹ልጅሽን ለጣዖት ልትሰጪው ነው?› ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። የአገሬ ልጆች ‹ዋናው አንቺ ተርፈሻል፣ ሌላ ትወልጃለሽ› ይሉኛል። ባለቤቴ በሳምንቱ ሥራ ገባ፤ ሲያለቅስ አላየሁትም። ጡቴ አጋተና ደረቀ። ስም አውጥቼለታለሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

የኔ እህት፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ስለ ጂዞ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። አንቺ አራስ ነሽ። ይሄን የነገረሽ ያለ አይመስለኝም። አምጠሻል፣ ወልደሻል፣ ጡትሽ አግቷል። ልጁ እቅፍሽ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይፈላል፣ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ብቻሽን ማንም አይተውሽም። ልጁ ሲቀር አራስነቱም አብሮ የቀረ መሰላቸው። አልቀረም። እዛ ሰፈር ካሉት ሴቶች አፏ የማይፈጥነውን አንዷን ምረጪ። «አጥሚት ሥሪልኝ፣ መጥተሽም አጠገቤ ተቀመጪ» በያት። በግልጽ ጠይቂ፣ ይሉኝታ ይቅርብሽ። «ሌላ ትወልጃለሽ» የሚሉሽ ክፉ ሆነው አይደለም። የሚሉት ጠፍቷቸው ነው። የሚሠሩት ነገር ከሰጠሻቸው ግን ዝም ብለው ይሠራሉ።

ተቀጥረሽ የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ይሄንን እወቂ። የጃፓን የሥራ ሕግ ከ85 ቀን እርግዝና በኋላ ሞቶ የተወለደን ልጅ እንደ ወሊድ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ 8 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ አለሽ። ከ6 ሳምንት በኋላ መመለስ የሚቻለው አንቺ ራስሽ ስትጠይቂና ሐኪም ሲፈቅድ ብቻ ነው። ከጤና መድኑ የሚሰጠው ወደ 500,000 የን ገደማ የሆነ የወሊድ ክፍያም አለ። ልጁ ስላልተረፈ አይመለከተኝም ብለሽ እንዳትተዪው።

አሁን ወደ አማትሽ።

እሳቸው የሚሉት ሥርዓት ሚዙኮ ኩዮ ይባላል። ሳይወለዱ ወይም ገና በጨቅላነታቸው ለሞቱ ልጆች የሚደረግ መታሰቢያ ነው። ጽንስ ያስወረደችም ታስደርገዋለች፣ እንዳንቺ ሳታስበው ያጣችም ታስደርገዋለች። ጂዞ ማነው ካልሽ፣ በቡድሃ እምነት ቦዲሳትቫ የሚባሉ አሉ። ራሳቸው ማረፍ ሲችሉ ለሚሠቃየው ብለው የቀሩ ናቸው። ጂዞ ከነሱ አንዱ ነው። ሲኦል ባዶ እስኪሆን አላርፍም ብሎ የማለ ይሉታል። ራሱን የተላጨ መነኩሴ ነው፣ ብዙ ጊዜ በትር ይይዛል። የመንገደኛና የሕፃናት ጠባቂ አድርገው ያዩታል። ፈጣሪ ነው የሚል የለም። ሰው ግን ይለምነዋል፣ ዕጣን ያጨስለታል፣ እጁን አጋጥሞ ጎንበስ ይልለታል። ስለዚህ እናትሽ ከምንም ተነስተው አይደለም የደነገጡት።

ስለ ሕፃናቱ የሚተረክ ነገር አላቸው። በወዲያኛው ዓለም ሳይ ኖ ካዋራ የሚሉት ድንጋያማ የወንዝ ዳር አለ። ከወላጆቻቸው ቀድመው የሞቱ ልጆች ወንዙን መሻገር አይችሉም። ገና በጎ ሥራ አልሠሩም፣ ወላጆቻቸውንም አስለቅሰዋል። እዚያ ተቀምጠው ለእናትና ለአባታቸው ብለው ጠጠር በጠጠር ላይ ይቆልላሉ። ሲመሽ አጋንንት በብረት ዱላ መጥተው ያፈርሱባቸዋል። ይሄኔ ጂዞ ይደርስና በቀሚሱ እጅጌ ውስጥ ይሸሽጋቸዋል። ታሪኩ ከሕዝቡ የመጣ ነው እንጂ ከጥንቶቹ የቡድሃ መጻሕፍት የተቀዳ አይደለም። እውነቱን ልንገርሽና የመጀመሪያውን ክፍል አልወደውም። እናቱን አስለቀሰ ተብሎ ሕፃን ሲቀጣ ማን ይወዳል? የእጅጌውን ነገር ግን ያመጣው ልጅ የሞተበት ሰው መሆን አለበት።

በየጂዞው እግር ሥር ትንንሽ የድንጋይ ቁልሎች የምታዪው በዚህ ምክንያት ነው። አላፊ አግዳሚው ልጆቹን ላግዝ ብሎ አንዲት ጠጠር ይጨምራል። ቶኪዮ ታወር አጠገብ ያለውን ዞጆጂን ሳታዪው አትቀሪም። በ1393 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ቶኩጋዋ ሾጉን ከሚባሉት የድሮ የጦር ገዢዎች ስድስቱ የተቀበሩበት ትልቅ ቤተ መቅደስ ነው። ግቢው ውስጥ ትንንሽ የጂዞ ሐውልቶች በረድፍ ቆመዋል። ቀይ ኮፍያ አድርገዋል፣ አንገታቸው ላይ ቀይ የሕፃን ጨርቅ ታስሯል፣ አጠገባቸው በነፋስ የሚሽከረከር መጫወቻ ተተክሏል። ካማኩራ ከተማ ወደሚገኘው ሃሴዴራ ቤተ መቅደስ ብትሄጂ ደግሞ፣ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ የእጅ ቁመት ያላቸው ጂዞዎች በሺዎች ተደርድረው ታያለሽ። ቀዩ ቀለም ከበሽታና ከክፉ ይጠብቃል ይላሉ። ልብሱን የሚሰፉት ብዙ ጊዜ እናቶችና አያቶች ናቸው።

ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ? መልሱ አንቺው ላይ የደረሰው ነው። በጃፓን ከ12 ሳምንት ያለፈ ጽንስ ሲሞት በ7 ቀን ውስጥ ለመዘጋጃ ቤት ይነገራል፣ የማቃጠያ ፈቃድ ይሰጣል። እናንተም ይሄን ወረቀት ሞልታችኋል። ሞቶ የተወለደ ልጅ ግን ኮሴኪ በሚሉት የቤተሰብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ባልሽ መዝገቡን ቢያወጣ ልጁን አያገኘውም። በድሮው ልማዳቸውም ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ገና የአማልክት ነው ይባል ስለነበር እንደ አዋቂ አይቀበርም። እኛስ ብትዪ፣ ሳይጠመቅ ለቀረ ሕፃን ድንኳን ይተከላል? የእድር ጡሩምባ ይነፋል? ሙሾ ይወረዳል? ሁለት ሦስት ሴቶች ጓዳ ገብተው እናቲቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል፣ በዚያው ያልቃል። የሰባት ወር ልጅ ተሸክማ ነበር እኮ!

እስካሁን በጻፍሽልኝ ውስጥ ልጅሽን እንደ ልጅ ቆጥሮ አንድ ነገር የሠራለት ሰው ቢኖር አማትሽ ናቸው። ልኩን ገምተው፣ ክር ገዝተው፣ ቁጭ ብለው ኮፍያ ሠሩለት። እምነቱን ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገውና ይሄን እንየው። ሴትዮዋ የልጅ ልጅ ሞቶባቸዋል። ለቅሷቸው በእጃቸው በኩል ነው የወጣው። ብትሄጂም ብትቀሪም በዚህ ሳምንት ቤታቸው ሂጂና ኮፍያውን ተቀበያቸው። ያዢው። «ለልጄ ስለሠሩለት አመሰግናለሁ» በያቸው። ይሄ ከማንም ሃይማኖት ጋር አይጋጭም።

የ49ኛው ቀን ነገር እንዳያስፈራሽ። እንደነሱ እምነት ነፍስ በየሰባት ቀኑ እያለፈች ሰባት ጊዜ ሰባት ሲሞላ ወደሚቀጥለው ሕይወት ትሄዳለች። ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለ ላደገ ሰው ቀን መቁጠሩ አዲስ አይደለም። ዕለቱ እንደየቤተ መቅደሱ ቢለያይም ባብዛኛው እንዲህ ነው። ቤተሰቡ ጥቁር ለብሶ ይቀመጣል። መነኩሴው የቡድሃን ቃል በዜማ ይደግማሉ። ሰው ተራ በተራ ተነስቶ ከተፈጨው ዕጣን በጣቱ ቆንጥሮ ፍም ላይ ያደርጋል። አንዳንድ ቦታ በረጅም ጠፍጣፋ እንጨት ላይ የልጁ ስም ወይም የሥርዓቱ ስም ይጻፋል። ኮፍያው ጂዞው ላይ ይደረጋል። ለመነኩሴው በፖስታ ገንዘብ ይሰጣል። ብዙ ቤተሰብ አመዱን ወደ መቃብር የሚያስገባውም በዚሁ ቀን ነው። ይሄኛውን ቀድመሽ ጠይቂ። ያላሰብሽበት ነገር እዚያው ቆመሽ እንዳይመጣብሽ።

አሁን የምነግርሽን ግን አጥብቀሽ ያዢ። ይሄ ሥርዓት በዛሬው መልኩ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። በ1971 ሳይታማ ውስጥ ቺቺቡ በተባለ ቦታ ለዚህ ብቻ የቆመ ቤተ መቅደስ ተከፈተ። በዚያን ዘመን በመጽሔት ማስታወቂያ እየወጣ «መታሰቢያ ያልተደረገለት ሕፃን ይረግማል፣ ያሳምማል፣ ታላቁን ልጅ ያውካል» እየተባለ ሴቶችን ማስፈራራት ገበያ ሆኖ ነበር። ጃፓናውያን ራሳቸው ክፉኛ ተችተውታል። ጆዶ ሺንሹ የሚባለው ትልቁ የቡድሃ እምነት ክፍል ደግሞ የሞተ ልጅ ይረግማል የሚለውን አይቀበልም፣ ሥርዓቱንም አያደርግም። ስለዚህ መነኩሴም ሆነ ጠንቋይ ቢጤ «ካላስደረግሽ የሚቀጥለው ልጅሽ አይተርፍም» ካለሽ ጫማሽን አድርገሽ ውጪ። ወደ ቤተ መቅደስ በፍርሃት የሚኬድ ከሆነ መቅረት ይሻላል። አማትሽ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዳነሱ አልጻፍሽም።

ልሂድ ወይስ ልቅር ላልሽው፣ እኔን ካልሽኝ ሂጂ። ግን እንደ አንቺ ሆነሽ ሂጂ። ነጠላሽን እንደ ሐዘንተኛ ልበሺ። ከባልሽ ጎን ቁሚ። እነሱ ሲደግሙ አንቺ በልብሽ አቡነ ዘበሰማያት በዪ። ዕጣኑን መቆንጠር፣ ለሐውልቱ መስገድ ኅሊናሽ ካልፈቀደ አታድርጊው። ይሄን ለባልሽ ቀደም ብለሽ ንገሪው፣ እሱ ለአማትሽ በቋንቋቸው ይንገራቸው። የባዕድ አገር ሴት ዝም ብላ ብትቆም በደል አይሆንባቸውም። ሳትናገሪ በመጨረሻዋ ደቂቃ ዞር ብትዪ ግን ይከፋቸዋል።

አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ግሬት ቫው የሚባል፣ ዜን የሚሉት የቡድሃ እምነት ክፍል ገዳም አለ። እዚያ የሚያስተምሩት ጃን ቾዘን ቤይስ የሕፃናት ሐኪም ናቸው፤ ልጅ ለሞተባቸው ሰዎች የጂዞ መታሰቢያ ሲያደርጉ ኖረዋል። የቡድሃን እምነት ያልያዘ ሰውም ይመጣል። ዝም ብለው ተቀምጠው ትንሽ ልብስ ይሰፋሉ፣ ከዚያ ጂዞው ላይ ያኖሩታል። ይሄን የማነሳልሽ እምነቱን ሳይቀበሉ ለልጃቸው የሚቆሙ ሰዎች መኖራቸውን እንድታውቂ ነው።

እኔ ቄስ አይደለሁም። የመጨረሻው ቃል የነፍስ አባትሽ ነው፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ ደውዪላቸው። ስትደውዪ የንዕማንን ታሪክ አንሺላቸው። መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 ላይ አለ። ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ ከነጻ በኋላ ኤልሳዕን ለመነው። ጌታዬ ሊሰግድ ወደ ሬሞን ቤት ሲገባ እጄን ይደገፋል፣ እኔም አብሬው ጎንበስ እላለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ አለ። ነቢዩ «በሰላም ሂድ» አለው። ይሄን እንደ ፈቃድ ወረቀት አትያዢው። አባ ሌላ ቢሉሽ እሳቸውን ስሚ። ግን የምትወጂው ሰው ክንድሽን ሲፈልግ በባዕድ ቤተ መቅደስ በመቆም የመጀመሪያዋ አንቺ አይደለሽም።

እሳቸው እንዳትሄጂ ካሉሽ ደግሞ ባልሽ ከእናቱ ጋር ይሂድ፣ አንቺ በር ላይ ጠብቂው። ይሄም ይሆናል።

ማቃጠሉን በተመለከተ፣ ከሁሉም በላይ ውስጥሽን የሚበላው ይሄ መሆኑን ከጻፍሽበት መንገድ አይቻለሁ። «እኔም ፈረምኩ» የሚለው ቃል ነፍስሽን ይዞታል። ጃፓን ውስጥ የሚሞት ሰው ሁሉም ማለት ይቻላል ይቃጠላል። መቅበር የሚቻልባቸው ቦታዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ከምጥ በተነሳሽ ማግሥት፣ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ ከዚያ የተለየ ልታደርጊ አትችዪም ነበር። ደግሞስ የቅዱስ ጊዮርጊስን ገድል ረሳሽው? ሥጋውን አቃጥለው፣ ዐፅሙን ፈጭተው ደብረ ይድራስ ተራራ ላይ በነፋስ በተኑት። እግዚአብሔር ከዚያ አስነሳው። እንዲህ እየተባለልሽ ያደግሽ ልጅ፣ ፈጣሪ ልጅሽን ከነጭ ዕቃ ውስጥ የሚያጣው እንዴት መሰለሽ? ቤታችሁ ማቆየቱን የጃፓን ሕግ አይከለክልም። የሚከለክለው ከተፈቀደ መቃብር ውጭ መቅበርን ነው። ስለዚህ በ49ኛው ቀን የግድ ይውጣ የሚል ሕግ የለም። ገና ካልጠናሽ «ትንሽ ይቆይልኝ» ማለት ትችያለሽ፤ ማንም አይቆጣሽም።

ከ49ኛው በፊት ደግሞ 40ኛው ቀን አለ። ቢኖር ክርስትና የሚነሳበት ቀን ነበር። ያን ቀን ቤትሽ ባዶ ሆኖ እንዳያገኝሽ። አጥሚት የሠራችልሽን ሴት ጥሪያት፣ ሌሎችም ይጨመሩ። ንፍሮ ቀቅሉ፣ ቡና አፍሉ፣ ሻማ አብሩ። አማትሽንም ጥሪያቸው። እሳቸው የራሳቸውን ሊያሳዩሽ እንደሚፈልጉት አንቺም ያንቺን አሳዪያቸው። ከመካከላችሁ አንዷ የራሔልን ታሪክ ትናገር። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የሚነገረውን፣ ግብጽ ውስጥ ጭቃ ስትረግጥ ጽንሷ የወረደባትን ራሔልን ማለቴ ነው። ልጆቿን ከጭቃው ጋር እርገጪ አሏት። እንባዋን በእጇ አፍሳ ወደ ሰማይ ረጨችው፣ እግዚአብሔርም ሰማት ይባላል። ላልተወለደ ልጅ ማልቀስ በኛ ዘንድ ወግ አይደለም የሚልሽ ካለ ይሄን ንገሪው።

ባልሽ አላለቀሰም አልሽ። ሥራ የገባውም እዚያ ማንም ስለማይጠይቀው ይሆናል። የልጁን ስም ንገሪው። እሱ እኮ ልጁ ስም እንዳለው እንኳን አያውቅም። በሐዘን ላይ ሁለት ወላጅ በአንድ ቤት ሆኖ አንዱ ስም እየጠራ፣ ሌላው «ያ ልጅ» እያለ መኖር ይከብዳል። አማርኛ ስም ከሆነ በጃፓን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ እሱ ያውጣው። ቤተ መቅደስ ብትሄዱ እንጨቱ ላይ የምትጽፉት ነገር ይኖራችኋል፣ ባትሄዱም አርባው ላይ ታነቡታላችሁ።

እናትሽም አያት ናቸው። ስልኩን የዘጉት ተናደው ይመስልሻል። እኔ ግን የልጅ ልጃቸው ሞቶ ለቅሶ የደረሳቸው ሰው የለም እላለሁ። ጎረቤት አልመጣም፣ ማንም «ያጽናዎት» አላላቸውም፣ የቀራቸው ጣዖቱ ላይ መቆጣት ነው። መጀመሪያ አንቺ ደውዪ። ስለ ቤተ መቅደሱ ክርክር አትግጠሚ። ልጁ ማንን ይመስል እንደነበር፣ ፀጉሩን፣ እጁን ንገሪያቸውና አልቅሱ። የማቃጠሉን ነገር በዚያው ቀን አታንሺው። ከነፍስ አባትሽ ጋር ከተነጋገርሽ በኋላ፣ ቢቻል አባ ራሳቸው ለእናትሽ ቢያስረዱልሽ ይቀላል።

የመጨረሻው ስለ ራስሽ ነው። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ወይም «ከሱ ጋር በሄድኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ እስከ 49ኛው ቀን አትጠብቂ። ያዋለዱሽን ሐኪም ወይም የአካባቢሽን ጤና ጣቢያ በዚያው ቀን አነጋግሪ፤ ለሚያስተረጉምልሽ ባልሽን ወይም ጃፓንኛ የምትችል ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ።